ለአባ ቶሎ የቀረበ የሥራ መልቀቂያ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት አንድ ውል እንዋዋል። እርስዎ፣ አንባቢዬ፣ የምነግርዎትን በቅደም ተከተሉ ይሰሙልኛል፤ እኔም ሳልጨምርና ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ። ግማሹን ሰምተው ግማሹን ከራስዎ ሊሞሉ ካሰቡ ግን ከአሁኑ ይተዉት፤ እንዲህ ያለ ሰሚ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞልቶኛል። አንዱ «ሙሉነህን ጣሊያን አባረረው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ጣሊያን ሲሸሽ ሥራ ፈታ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጣሊያን እኔን አላባረረኝም። ጣሊያን ሲሄድም እኔ ሥራ አልፈታሁም፤ ከመሄዱ በፊት እኔ ጣሊያንን ለቅቄው ነበር። በፊት የምለው ረጅም ጊዜ አይደለም፤ አንድ ካሚዮን ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ እንደገና እስኪጫን ድረስ ነው። ቢሆንም በፊት ማለት በፊት ነው።

ሥራ መግባት ለማንም አይከብድም። አጎት ያለው በአጎቱ፣ አጎት የሌለው በጉልበቱ ይገባል። መውጣት ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ከድግስ ቤት ሊወጣ የተነሣ እንግዳ አይተው ያውቃሉ? ሲገባ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ በአንድ ቃል የገባ ሰው ነው። ሊወጣ ሲል ባለቤቱ «ምነው፣ ምን አጠፋን?» ይላል፤ እንግዳው ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፤ ደግሞ ያስቀምጡታል፤ በመጨረሻ በሩ ላይ ደርሶ ስለ ከብቶቹ አዲስ ወሬ ይጀመራል። እኛ ጎጃሞች ከዘመድ ቤት መውጣትን ይህን ያህል ካከበድነው፣ ከመንግሥት ቤት፣ ያውም ከጠላት መንግሥት ቤት መውጣት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል እርስዎው ይገምቱት።

የኔ አገባብ እንዲህ ነበር። ጣሊያን ማርቆስ ሲገባ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ፈረንሳይኛ ተምሬ ወደ አባቴ ቤት የተመለስሁ ወጣት ነበርሁ። (ሁለተኛ ደረጃን የጨረስሁት ከነጻነት በኋላ፣ ከልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ ነው፤ ይህም በትክክል ይያዝልኝ።) ሶላቶዎች ከቁይ ገበያ ያዙኝና የፈረንጅ ቋንቋ ታውቃለህ አሉኝ። የማውቀው ፈረንሳይኛ ነው ብል ያው ነው አሉ። ያው እንዳልሆነ ለማስረዳት ጣሊያንኛ መማር ነበረብኝ። ተማርሁ። ማስረዳት በቻልሁ ጊዜ ግን አስተርጓሚ ሆኜ ነበር።

እንግዲህ ያለ ማመልከቻ የገባ ሰው ያለ ማመልከቻ ቢወጣ ምን ነውር አለው? ነውር የለውም፤ መዘዝ ግን ነበረው። በዚያ ዘመን ከሥራው የቀረ ሰው ታመመ አይባልም፣ ሰነፈም አይባልም፤ ሸፈተ ነው የሚባለው። ሸፈተ የተባለው ሰው ራሱ ባይገኝ የአባቱ ቤት ይገኛል። የአባቴ ቤት ደግሞ ቁይ አጠገብ ከመንገዱ ዳር የቆመ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ለእሳት እጅግ የሚመች የሣር ቤት ነበር።

የምሠራው በስንቅ መጋዘን ነው። የመጋዘኑ ሹም አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ከአፉ «ፕሬስቶ» የማትጠፋ ጣሊያን ነበር። ፕሬስቶ ማለት ቶሎ ማለት ነውና ማርቆስ ወዲያውኑ አባ ቶሎ ብላ ሰየመችው። አንድ ቀን የስሙን ነገር ሰምቶ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። በሀገራችን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም አባ እንዲህ፣ አባ እንዲያ ይባላሉ ብዬ አስረዳሁት። ደስ ብሎት ያን ቀን አንድም ሰው ሳይሰድብ ዋለ። እኔም ሐሰት አልነገርሁትም፤ ፈረስ አለህ አላልሁትም።

ነገሩ የተነሣው በየሻረግ ነው። የሻረግ ዲማ አጠገብ ያሉ የአንድ የቅኔ መምህር ልጅ ናት። ለንግሥ በዓል ሄጄ አየኋትና በዚያው ሽማግሌ ላክሁ። የኔታ አባቷ ለሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ አብልተው፣ አጠጥተው ሲያበቁ እንዲህ አሏቸው፦

«ጣሊያን ቤት ለሚያድር ልጄን አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ ይለቅቃል ብለው ቃል ሊገቡልኝ ሲሉ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ጣሊያን ላባረረውም አልሰጥም። ጠላት እንኳ አይረባኝም ብሎ የጣለውን እኔ ምን ልሠራበት አነሣዋለሁ? ወዶ ይልቀቅ፤ መልቀቁንም በማኅተም ያሳየኝ። እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላም ጠያቂ አለ።»

እንዲህ ያለ በር አይተው ያውቃሉ? ብቆይ አላገባም፤ ብባረር አላገባም፤ ብጠፋ አባቴ ያለ ቤት ይቀራል። የቀረችኝ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ እሷም ጣሊያን ራሱ አትሞ የሚሰጠኝ ቀዳዳ ነበረች። የሻረግ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ኋላ በአክስቷ በኩል አንድ መልእክት ላከች። መልእክቱን ያመጣችው አክስት ሳቋን መያዝ አቅቷት ሁለት ጊዜ ጀምራ ነው የጨረሰችው፦ «ሹሙን መልቀቅ ይህን ያህል ካስጨነቀው፣ ሹሙን ያግባ።»

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ብዕርና ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤ አጻጻፍ ማን አስተምሮኝ? በኛ ልማድ ከጌታው ቤት የሚወጣ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፤ እጅ ነሥቶ ያሰናብቱኝ ይላል፤ ጌታው ምን አጎደልሁብህ ብሎ ይቆጣል፤ ሽማግሌ ያበርዳል፤ በመጨረሻ መርቆ ይሸኘዋል። እኔ ግን ከአባ ቶሎ ምርቃት ምን አደርግበታለሁ? የምፈልገው ማኅተሙን ነው።

«ይድረስ ለክቡር» ብዬ ጀመርሁና ቆምሁ። ክቡር? ክቡር የሚለው ለማዕረጉ ነው እንጂ ለሰውየው አይደለም ብዬ እንዳለ ተውሁት። ማዕረጉንስ ማን ሰጠው ብዬ ሠረዝሁት። ኋላም፣ ጠላትን ቢሆን አንቱ ማለት የሚያስከብረው ተናጋሪውን ነው ብዬ መለስሁት። ቀጥሎ «እንደምን ሰንብተዋል» መጣ። የያዘኝን ሰው ጤንነት ልጠይቅ ወይስ ልተው? ብዙ ከተሟገትሁ በኋላ ጤና መጠየቅ ዕድሜ መለመን አይደለም ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለውን ያለ ክርክር ጻፍሁ።

ምክንያቴን መግለጥ ደግሞ ነበረብኝ። እውነቱን ብጽፍ የኔታን አስገድላለሁ፤ ሐሰት ብጽፍ ራሴን አዋርዳለሁ። ስለዚህ «የቤተሰብ ጉዳይ ስላጋጠመኝ» አልሁ። ዛሬ ሥራ የሚለቅ ሁሉ ይህን ሐረግ ይጽፈዋል፤ የጻፈው ሁሉ ግን ቤተሰብ ለመመሥረት አልጻፈውም። መዝጊያው እንዲህ ነበር፦ «ከሥራዬ በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።» በገዛ ፈቃዴ ከሚለው ሥር ለየኔታ ብዬ መስመር አሰመርሁ። በደብዳቤው ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትኖር ትሕትናዋ ብቻ ናት።

አሁን በጥሞና ይስሙኝ፤ ሰው ሁሉ የሚያበላሸው ይህን ቦታ ነው። በመጋዘኑ ደንብ መሠረት በአማርኛ የተጻፈ ማመልከቻ ሁሉ ለአስተርጓሚው ይሰጣል፤ አስተርጓሚውም ለሹሙ ይተረጉማል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጠዋት ደብዳቤውን ከራሴ ተቀበልሁ፤ አገላብጬ አየሁት፤ ጽሕፈቱ መልካም ነበር። ገብቼም ቆሜ ከላይ እስከ ታች ተረጎምሁት።

አባ ቶሎ እስከ ፊርማው ድረስ ሌላ ወረቀት እያየ ሰማኝ። ሙሉነህ የሚለውን ሲሰማ ብቻ ቀና ብሎ ሞክሼህ ነው ወይ አለኝ። እኔ ነኝ እንዳልል አስተርጓሚ የራሱን ጉዳይ ከሥራው ጋር ማደባለቅ አይገባውም። አመልካቹ በር ላይ ነው፣ ልጥራው ወይ አልሁት። ቶሎ ጥራው አለኝ።

ወጣሁ። በሩ ላይ ከዘበኛው ከአያ ደምሌ ጋር ሰላምታ ተለዋወጥሁ። ብዕሬን ከጆሮዬ አውርጄ ኪሴ ከተትሁ፤ ነጠላዬን አስተካከልሁ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ እንደ ባለ ጉዳይ ገባሁ። አባ ቶሎ ከኋላዬ ሌላ ሰው ፈለገ። አጣ። አየኝ። ደግሞ ከኋላዬ አየ። ከዚያ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋና አስተርጓሚው ወደ ቆመበት ባዶ ቦታ ዞሮ፣ «በለው፣ አይሆንም» አለ።

እኔም ሥራዬን አላጓድልም። ወደ ጠረጴዛው ማዶ ተሻገርሁ፤ አመልካቹ ወደ ቆመበት ዞሬ በአማርኛ አይሆንም ብለዋል አልሁ። ተመልሼ በአመልካቹ ቦታ ቆምሁና፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ይጠይቁልኝ ብዬ አስተርጓሚውን ለመንሁት። አስተርጓሚውን አንቱ አልሁት፤ የሚገባው ሰው ነበር።

«በለው» አለ አባ ቶሎ፣ «የሀገሬው ተወላጅ ሥራ አይለቅም። መልቀቅ የነጭ ነው። የሀገሬው ተወላጅ ይባረራል።»

ይህን ስተረጉም ድምፄ ጠንከር ሳይል አልቀረም፤ ያለዚያ ግን አንድ ቃል አላጎደልሁም። አመልካቹም አዳምጦ፣ እንግዲያው የመጀመሪያው እኔ ልሁን በሉልኝ አለ። ይህን ወደ ጣሊያንኛ ስመልሰው አባ ቶሎ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ከወንበሩ ተነሥቶ ጣቱን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ቀሰረ።

«ተባራችኋል! ሁለታችሁም!»

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። መሄድ አልነበር የፈለግሁት? በሩም ተከፍቷል፤ ሸፈተም አልባልም፤ የአባቴም ቤት ይድናል። የሻረግ ግን ቀረች። እኔም ቀና ብዬ ግድግዳውን አሳየሁት። ግድግዳው ላይ አባ ቶሎ ራሱ በትልቁ ያስጻፈው የመጋዘኑ ሕግ ተለጥፏል፤ ነቀዝ እንዳይገባ፣ አስቀድሞ የገባ እህል አስቀድሞ ይወጣል ይላል። ደብዳቤዬ አስቀድሞ ገብቷል፤ ቁጣዎ ኋላ ነው የገባው፤ ስለዚህ በተራው ይጠብቅ አልሁት። ከሁለታችንም ማን የበለጠ እንደ ደነገጠ ዛሬም አላውቅም።

በማግሥቱ በሰዓቱ ሥራዬ ላይ ተገኘሁ። አያ ደምሌ ጦሩን አግድም ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ተባረሃል ተብያለሁ» አለኝ።

አልተቀበልሁም አልሁት።

«መባረርን ደግሞ ሰው ይቀበለዋል እንዴ?»

ተቀባይ ያጣ ነገር ሁሉ ወደ ላኪው ይመለሳል አልሁት። አያ ደምሌ ሰፊ አእምሮ ያለው ሰው ነበር፤ ጥቂት አሰበና መካከለኛ ፍርድ ሰጠ። «እንግዲያው እዚህ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥ። ገባ እንዳልባል አልገባህም፤ ሄደ እንዳትባል አልሄድህም።» ብዕሬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ተቀመጥሁ።

ረፋዱ ላይ ከደጀን በኩል ባለ አጋሰሶች ስንቅ ጭነው ደረሱ። እህሉን በየትኛው ክፍል እንደሚያራግፉ አባ ቶሎን ጠየቁት፤ አባ ቶሎ አልገባውም። እሱም የጣሊያን ልማዱን አደረገ፦ አምስቱን ጣቶቹን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ወደ ላይ አድርጎ፣ እጁን በፊታቸው ከፍ ዝቅ አደረገላቸው። በጣሊያን ሀገር ይህ ምን ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። በጎጃም ግን፣ አንባቢዬ፣ ጣቶቹን እንዲህ ገጥሞ ወደ ሰው የሚዘረጋ ሰው የሚያጎርስ ሰው ነው። ባለ አጋሰሶቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ደግነት ከጣሊያን አልጠበቁም። አለቃቸው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ነገር ግን ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን አለ። አባ ቶሎ እጁን ይበልጥ አወዛወዘ። እነሱም ግብዣው እንደ ጠና አይተው እጃቸውን ታጠቡና በግድግዳው ጥላ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። በቅሎዎቹ ጭነታቸውን እንደ ተሸከሙ ግቢውን ሞሉት፤ አንዷም የአባ ቶሎን ችግኝ በላች።

ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኜ ሁሉን አያለሁ። አያ ደምሌ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል። በመጨረሻ አባ ቶሎ ስሜን እየጠራ በሩ ድረስ መጣ። በምን ሥልጣን ልግባ ብዬ ጠየቅሁት። ተባርሬ ከሆነ አስተርጓሚ አይደለሁም፤ አስተርጓሚ ከሆንሁ ደግሞ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ አለኝ። «ፕሬስቶ» አለ። ይህ ፈቃድ መሆኑን አያ ደምሌን አስመስክሬ ገባሁ። ባለ አጋሰሶቹ ግብዣ አለመኖሩን ስነግራቸው እጅግ አዘኑ፤ አለቃቸው እንዲያውም በአስተርጓሚው ምቀኝነት የቀረ ነገር እንደሆነ በግልጥ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ይኸው ሆነ። ጠዋት ያባርረኛል፤ እኔ ባሕር ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ፤ ቀትር ሳይደርስ ይጠራኛል፤ እኔም ደብዳቤዬን አስታውሼው እገባለሁ። ስንት ጊዜ ተባረርሁ? አልቆጠርሁም። ያልተቀበልሁትን ነገር ለምን እቆጥራለሁ?

ችግሩ ወሬው ነው። የማርቆስ ወሬ ከበቅሎ ይፈጥናል። የቁይ ገበያ የሙሉነህን መባረር ሰማ፤ ከቁይ ዲማ ደረሰ። የኔታም «ተባረረ ይሉኛል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ላኩብኝ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አይናገሩም ብዬዎት የለም? ደብረ ዘይት አልፎ ሆሣዕና እየቀረበ ነበር። ያ ሌላው ጠያቂ ደግሞ በየኔታ ማሳ ሳይጠሩት የሚያርስ፣ ጥንድ በሬዎቹን ይዞ የሚመጣ ጎበዝ ነበር አሉ። በጠላትነት ብቻ የማውቀው ሰው ነው፤ በሬዎቹ ግን መልካም እንደ ነበሩ ኋላ አይቻለሁ።

በዚህ መካከል ከቡሬ በኩል የመድፍ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አርበኞች ቀረቡ፤ ንጉሡም መጡ ተባለ። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ መጋዘኑ ስደርስ ግቢው ተገለባብጧል። ካሚዮኑ እስከ አናቱ ተጭኗል፤ ሳጥን በሳጥን ላይ ወድቋል፤ የመጋዘኑ ሠራተኞች እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። ሁሉም ተባሯል፣ መጋዘኑም ተዘግቷል ተብሏል። አያ ደምሌ ጦሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ሰዓት ተቀምጦ አገኘሁት። ደብዳቤውን በእጄ አይቶ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣሊያን እየሄደ ነው እኮ። ማንን ልትለቅ ነው?»

«ለዚህ አይደል የምቸኩለው?» አልሁት። «እሱ ከሄደ ማንን እለቃለሁ?»

አባ ቶሎ አንድ እግሩን ካሚዮኑ ላይ አውጥቷል። ካሚዮኑ ፊት ቆሜ ደብዳቤዬን ዘረጋሁለት። ሁላችሁም ተባራችኋል፣ ከፊቴ ጥፋ አለኝ። ደብዳቤዬ አስቀድሞ ገብቷል አልሁት። በዚህ ጊዜ የቀሩትን ሳጥኖች ሊያስጭናቸው ወደ ባለ አጋሰሶቹ ዞረ። እነዚያው የዚያን ቀን እንግዶች ነበሩ። ምን ትጠብቃላችሁ ሊል ፈልጎ ያን የለመደ እጁን ጣቶቹን ገጥሞ ወደ ላይ አነሣው።

ባለ አጋሰሶቹ ተቀመጡ።

አባ ቶሎ እነሱን አየ፤ መድፉን ሰማ፤ እኔን አየ። ጫኑ በላቸው አለኝ። በምን ሥልጣን አልሁት። ሾፌሩ ከውስጥ ይጮኻል፤ አያ ደምሌ ከኋላዬ በስመ አብ ይላል። አባ ቶሎ ወረቀቱን ነጥቆ በካሚዮኑ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ፈረመ።

«ይኸው! በቃህ?»

ማኅተም የለውም አልሁት።

ማኅተሙ የት ነበር ይመስልዎታል? በትንሿ ሳጥን ውስጥ ነው። ትንሿ ሳጥንስ? ከሁሉም ሥር፣ ከአባ ቶሎ ፍራሽ በታች። አባ ቶሎን የያዘው ስሜት በመሳቅና በማልቀስ መካከል ያለ፣ ስም ያልወጣለት ነገር ነበር፤ ብቻ እጁን አወናጨፈና ይውረድ አለ። ይህን በመልካም ፈቃዴ ለባለ አጋሰሶቹ ተረጎምሁ። እነሱም ግብዣው ሊፈጸም ነው ብለው በደስታ ተነሥተው ካሚዮኑን እስከ ወለሉ አራገፉት። ማኅተሙ ወጣ። አባ ቶሎ ተነፈሰበትና ከፊርማው አጠገብ መታው። ከላይም በጣሊያንኛ «በገዛ ፈቃዱ መልቀቁን ተቀብያለሁ» ብሎ ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ ይዤ ጠበቅሁ፤ ከዚያም አጥፌ ከደረቴ አኖርሁት።

«አሁን ጫኑ በላቸው» አለኝ በተዳከመ ድምፅ።

አሁንማ አስተርጓሚዎ አይደለሁም፤ ነገር ግን በጉርብትና እነግራቸዋለሁ አልሁት። ነገርኋቸው። ለፍራሹ ቦታ ሲባል ሁለት ሳጥን ማካሮኒ መሬት ቀረ። አለቃቸው ማካሮኒው ሥጋ ይነካዋል ወይ ብሎ በእኔ በኩል አስጠየቀ፤ ዱቄት ብቻ ነው ተባለ፤ የጾም መሆኑ ሲረጋገጥ ሁለቱን ሳጥን በቅሎ ላይ ጫኑ። ግብዣው በመጨረሻ መፈጸሙን አይተው እጅ ነሡት።

አባ ቶሎ ወደ ካሚዮኑ ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝና፣ ከዚያ በፊት ባልሰማሁት ድምፅ፣ «እኔስ ለማን ልጻፍ?» አለኝ። ጊዜ ካለዎት አንድ ላርቅቅልዎ እችላለሁ፣ «እንደምን ሰንብታችኋል» የሚለውን ብንዘልለው ብዙም አይረዝም አልሁት። ሣቀ። አባ ቶሎ ሲሥቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሾፌሩ «ፕሬስቶ» አለውና ካሚዮኑ ተነሣ።

አቧራው ሲያርፍ አያ ደምሌ ቆሞ መንገዱን ያይ ነበር።

«ሰውዬው ያለ ደብዳቤ ሄደ» አለኝ። «በደንቡ ምን ይባላል?»

«ሸፈተ ነው የሚባለው» አልሁት።

ሆሣዕና ሳይደርስ አያ ደምሌን ይዤ ዲማ ወረድሁ። የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጽሕፈቱ የጣሊያን መሆኑን አይተው ማን ይተርጉመው አሉ። እኔ አልሁ። ባለ ጉዳዩም አንተ፣ አስተርጓሚውም አንተ ነህ አሉ። ሹሙም በዚሁ ተቸግሮ ነበር አልኋቸው። የኔታ ወደ አያ ደምሌ ዞሩና ተባሮ ነው ወይስ ለቅቆ ብለው ጠየቁት።

«የኔታ» አለ አያ ደምሌ፣ «ጣሊያን ከተማውን ለቅቆ ሲሮጥ ይህ ሰው እኔ ልቅደም ብሎ ካሚዮን አስቁሞ፣ ጭነት አስወርዶ ነው የለቀቀው። እኔ ብዙ የተባረረ ሰው ከምጠብቀው በር ሸኝቻለሁ፤ እንዲህ የሚኮራ አላየሁም።»

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ሲነቃነቅ አየሁ። ከጓዳው በኩልም አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ የማን እንደሆነ ኋላ፣ በየቀኑ ስሰማው አወቅሁ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተጋባን። ያ ባለ በሬውም በሠርጋችን ከሁሉ በላይ ጨፈረ።

ይኸው የነገሩ ሁሉ ትክክለኛ አኳኋን ነው። የየሻረግ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ዛሬም በዚህ እርጅናችን፣ በነገር ስሟገታት ወይም ወጥ ቤቷ ገብቼ ጨው በዛ ስል፣ ማማሰያዋን ወደ በሩ ቀስራ ውጣልኝ ትለኛለች። እኔም በዝግታ፣ ማኅተም ያለበት ነገር አላየሁም እላትና እቀመጣለሁ። መባረርን ከጣሊያን አልተቀበልሁም፤ ከሚስቴም አልተቀበልሁም።